የነፍሳት ሊቁ ዕቅድ፦ ከንዛራ ፋብሪካ እስከ ማዮ ሰፈር

በ1925 (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመታት በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው) በፓስፊክ ውቅያኖስ ባለችው ፊጂ አንዲት የእሳት ራት የኮኮናት ዛፉን ቅጠል እየጨረሰች የአገሬውን መተዳደሪያ አደጋ ላይ ጥላው ነበር። መላ እንዲፈልግ የተላከው ጆን ዳግላስ ቶትሂል የሚባል የነፍሳት ተመራማሪ ነው። ቶትሂል መርዝ አልረጨም፤ ዛፍም አላስቆረጠም። ከማላያ አንዲት ዝንብ አስመጣና ለቀቃት። ዝንቧ እንቁላሏን የእሳት ራቷ አባጨጓሬ ላይ ትጥላለች፤ የተፈለፈለው ትል አባጨጓሬውን ከውስጥ ይበላዋል። ብዙም ሳይቆይ ዛፎቹ አገገሙ፤ የእሳት ራቷም ተፈልጋ የማትገኝ ሆነች። በሙያው ዓለም እስከ ዛሬ የሚጠቀስ ድል ነው። አንድ ሰው በሕይወቱ እንዲህ ያለ ነገር ከተሳካለት በኋላ የትኛውም አገር ችግር ትክክለኛው ዝንብ እስኪገኝለት ድረስ ብቻ የቆየ ቢመስለው አይገርምም።

ቶትሂል ከፊጂ በኋላ የኡጋንዳን የእርሻ መምሪያ ለዓመታት መራ። በ1939 ደግሞ የሱዳን የእርሻና የደን መምሪያ ዲሬክተር ሆኖ ካርቱም ገባ። የገባበት ከተማ ለሳይንስ ሰው እንግዳ አልነበረም። ጎርደን ኮሌጅ በ1902 ተከፍቷል፤ በዓመቱ የዌልካም የሐሩር ክልል ቤተ ሙከራ በዶክተር አንድሩ ባልፎር መሪነት እዚያው ሥራ ጀምሯል። ኋላም በዓባይ ላይ የሚንሳፈፍ ቤተ ሙከራ በመርከብ እየተጎተተ ወደ ደቡብ ይሄድ ነበር። የገዚራ ሜዳ አፈር ጨውና ሸክላው የተለካው በእነዚህ ሰዎች ነው። በ1918 ወድ መደኒ ላይ የምርምር እርሻ ተቋቋመ፤ በ1925 የሰናር ግድብ አለቀና ገዚራ የእንግሊዝ ፈትል ፋብሪካዎች የጥጥ ማሳ ሆነች። ከዚያ በ1930ዎቹ መባቻ የቅጠል መጠቅለልና የጥቁር ክንድ በሽታዎች ምርቱን መቱት። በዓለም ገበያ የጥጥ ዋጋም አብሮ ወደቀ፤ የመንግሥቱ ካዝና ተናጋ። ከዚያ ወዲያ የሱዳን ገዢዎች ከገንዘብ ጉዳይ ኃላፊያቸው እኩል የዕፅዋት በሽታ አዋቂያቸውን መስማት ለመዱ።

ጣሊያን ጁን 10 ቀን 1940 ጦርነት ስታውጅ የሱዳን መከላከያ ኃይል በጣት የሚቆጠር ነበር። ጁላይ 4 ከሰላ በጣሊያኖች እጅ ወደቀች፤ መተማ ፊት ለፊት ያለችው ገላባትም ተከተለች። በዚያው ወር ንጉሠ ነገሥት ኃይለ ሥላሴ ከስደት አገራቸው ካርቱም ደረሱ። እስከ ጃንዋሪ 20 ቀን 1941፣ ኦሜድላ ላይ ባንዲራቸውን እስኪሰቅሉ ድረስ፣ ኑሯቸውም ጭንቀታቸውም እዚያው ነበር። ስለዚያ ዘመን ካርቱም እኛ የምንተርከው የጦሩን ነገር ነው፤ የእንግሊዝ መኮንኖቹን ሳንፎርድንና ዊንጌትን፣ ግመሎቹን። በዚያው ከተማ፣ በዚያው ወራት፣ ሌላ ዓይነት ጦርነት በወረቀትና በመለኪያ ይካሄድ እንደነበር ብዙም አናነሳም።

አንድ ሰው ግን በሁለቱም ነበረበት። የአንትሮፖሎጂ ሊቁ ኤድዋርድ ኢቫንስ ፕሪቻርድ የአዛንዴን ሕዝብ ለዓመታት አጥንቶ ስለ ጥንቆላ እምነታቸው በ1937 ታዋቂ መጽሐፉን አሳትሞ ነበር። ጦርነቱ ሲመጣ ጠብመንጃ ይዞ ወደ አኮቦና ጊሎ ወንዞች ወረደ፤ የአኙዋ ተዋጊዎችን እየመራ ከጣሊያን ጦር ጋር ተታኮሰ። ይህን ሰው አስታውሱልኝ፤ መጽሐፉ በኋላ ይፈለጋል፤ በጊዜው ግን የከፈተው አልነበረም።

የሜዲትራኒያን ባሕር ሲዘጋ ወደ መካከለኛው ምሥራቅ የሚመጣ መርከብ በሙሉ አፍሪካን ዞሮ በደቡብ ጫፍ መምጣት ግድ ሆነበት። መርከብ አነሰ። ለታንክ የሚሆን ቦታ ለስንዴ፣ ለስንዴ የሚሆነው ለጨርቅ መስጠት አልተቻለም። በኤፕሪል 1941 እንግሊዞች ካይሮ ላይ የመካከለኛው ምሥራቅ አቅርቦት ማዕከል የሚባል መሥሪያ ቤት አቋቋሙ፤ በዓመቱ አሜሪካኖች ገቡበት። መሪው ሮበርት ጃክሰን የሚባል ወጣት አውስትራሊያዊ የባሕር ኃይል መኮንን ነበር። ሥልጣኑ ከግብፅ እስከ ኢራን፣ ከሶርያ እስከ ሱዳን፣ ኤርትራና ነጻ እስከወጣችው ኢትዮጵያ ድረስ ነበር። አሠራሩ ቀላል ነው፤ የትኛውም አገር ማንኛውንም ሸቀጥ ከውጭ ለማስገባት ማዕከሉ ፈቃድ መስጠት አለበት። ማዳበሪያ፣ የመኪና ጎማ፣ አቡጀዲ፣ ኪኒን፣ ሁሉም በቶን እየተሰላ ይጠየቃል። ማዕከሉም ይህን እዚያው ማምረት አይቻልም ወይ ብሎ ይመልሳል። ከጦርነቱ በፊት በዓመት ከ5 ሚሊዮን ቶን በላይ ይገባ የነበረው የሲቪል ዕቃ ወደ አንድ ሚሊዮን ተኩል ገደማ ወረደ። በአንጻሩ ቤንጋል በረኃብ ባለቀችበት በ1943 መካከለኛው ምሥራቅ ከእንዲያ ያለ እልቂት ተረፈ።

እዚያው ማምረት አይቻልም ወይ ለሚለው ጥያቄ መልስ መስጠት የሚችለው ጸሐፊ ወይም ጄኔራል አይደለም፤ አፈሩን፣ ውኃውንና ነፍሳቱን የሚያውቅ ሰው ነው። የሳይንስ ሰዎች በጦርነቱ ጊዜ ወደ ዕቅድ ጠረጴዛ የቀረቡት በዚህ በር ነው። የሐይቅና የወንዝ ሕይወት ተመራማሪው ባርተን ዋርዚንግተን የማዕከሉ የሳይንስ አማካሪ ሆነ፤ የአፈር ፊዚክስ ሊቁ በርናርድ ኪን የአካባቢውን እርሻ እንዲያጠና ተላከ። ለንደን የተቀመጠው ቦሪስ ኡቫሮቭ ደግሞ የበረሃ አንበጣ ድንበር እንደማያውቅ ቀድሞ አስረድቶ ስለነበር ከዓረብ በረሃ እስከ ሱዳንና ኢትዮጵያ የተዘረጋ ዘመቻ ተነሳ። ወታደርና የጭነት መኪና መንጋውን ለማሳደድ በረሃ ገቡ። ለእኛ ከዚያ ጦርነት ከተረፉልን መልካም ነገሮች አንዱ ይኸው ይመስለኛል። በ1962 አዲስ አበባ ላይ በተፈረመው ስምምነት የቆመው የምሥራቅ አፍሪካ የአንበጣ መከላከያ ድርጅትም የዚያው ሐሳብ ልጅ ነው።

ሱዳን ውስጥ ደግሞ የጦሩ ሆድ ሌላ ነገር ወለደ። ምሥራቅ አፍሪካ ላይ የሰፈረውን ሠራዊት ለመመገብ በ1944 ገዳሪፍ አጠገብ ገደምበልያ ላይ መንግሥት ትራክተር አሰልፎ ጥቁር አፈሩን በማሽላ አስዘራው። ለጦርነት የተጀመረው የትራክተር እርሻ ጦርነቱ ሲያልቅ አላቆመም። ለነጋዴ ተከፋፈለ፤ በ1968 በዓለም ባንክ ብድር ታግዞ ራሱን የቻለ ኮርፖሬሽን ተቋቋመለት፤ ወደ ኑባ ተራሮች ግርጌ፣ ወደ ሀቢላም ተስፋፋ። ገዳሪፍን ለሰሊጥ አጨዳና ለአረም የተሻገረ የጎንደርና የትግራይ ሰው ያውቃታል። ሀቢላን ደግሞ የኑባ ገበሬ ያውቃታል፤ የከብት መተላለፊያውና የወል መሬቱ በሰሜን ነጋዴ ስም የተመዘገበበት ቦታ ነውና። ለኋላ የሚሆን ቂም እዚያ ተቀምጧል።

ቶትሂል በ1943 ካርቱም ቢሮው ተቀምጦ ያሰበው ግን ከዚህ ሁሉ የራቀ አገር ነበር። የአዛንዴ ምድር በያኔዋ ሱዳን ደቡብ ከኮንጎ ጋር የሚዋሰን፣ ዝናብ የማይነጥፍበት ለምለም ጥግ ነው። ከዚያ የሚወጣ ጥጥ ከ400 ኪሎ ሜትር በላይ በጭነት መኪና ጁባ ይደርሳል፤ ከጁባ ኮስቲ 1,400 ኪሎ ሜትር በዓባይ ላይ በእንፋሎት መርከብ ይጓዛል፤ ከኮስቲ ፖርት ሱዳን በባቡር ይሄዳል። ባሕር ሲደርስ የጥጡን ዋጋ ማጓጓዣው ጨርሶታል። ቶትሂል በማስታወሻው ያቀረበው መልስ ካይሮ ላይ ሲሠራበት የነበረው ነው፤ እዚያው ይመረት፣ እዚያው ይፈተል፣ እዚያው ይሸመን፣ ሰዉም እዚያው ገዝቶ ይልበሰው። ጨርቅ፣ ሳሙና፣ የዘንባባ ዘይት፣ ስኳር፤ ራሱን የሚችል፣ ከዓለም ገበያ ወጀብ የተጠለለ አገር። ለጦርነት ጊዜ የተፈጠረ የመርከብ ቁጠባ ዘዴ ለሰላም ጊዜ የልማት ፍልስፍና ሆኖ ቀረበ። ማስታወሻው ነገሩን እንደ ማኅበራዊ ሙከራ ያየው ነበር፤ ሩቅ ያሉ ሕዝቦች እንዴት ወደ ዘመናዊ ኑሮ ብቅ እንደሚሉ የሚታይበት ሙከራ።

ክፉ ሐሳብ አልነበረም። እንዲያውም ከገዚራ ጋር ሲነጻጸር ደግ ነበር፤ የለንደን ባለ አክሲዮን ትርፍ አልነበረበትም። ቶትሂል የጎርደን ኮሌጅ ርእሰ መምህር ሆኖ ከእርሻ መምሪያው ሲለቅ ዕቅዱ አብሮት አልቀረም፤ መንግሥት ተቀበለው፤ የኢኳቶሪያ ፕሮጀክቶች ቦርድ ተቋቋመ። በ1946 የሱዳን የመጀመሪያው የአምስት ዓመት የልማት መርሐ ግብር ሲጀመር የዛንዴ ዕቅድም አብሮ ጀመረ።

የመጀመሪያው ሥራ ሰውን ማስፈር ነበር። አዛንዴ አንዴ ከዚህ በፊት ተነቅለው ነበር። በ1920ዎቹ የእንቅልፍ በሽታን ለመቆጣጠር ሐኪሞቹ ስላዘዙ ከየወንዙ ዳር ተነስተው በመንገድ ዳር እንዲሰፍሩ ተደርገዋል። አሁን ደግሞ ጥጡን ለመቆጣጠር፣ ለማስተማርና ለመሰብሰብ እንዲመች ወደ 50 ሺህ የሚጠጋ ቤተሰብ እስከ 1950 አካባቢ ድረስ በተለካ ቁራሽ መሬት ላይ፣ አንዱ ከሌላው ጎን፣ በቀጥተኛ መስመር እንዲሰፍር ተደረገ። መስመሩ ካርታ ላይ ያማረ ነው።

ቦታው ላይ ግን መሬቱ ካርታውን አያውቀውም። የአዛንዴ ዋና እህል ዳጉሳ ነው፤ እኛ ጎጃምና ጎንደር የምናውቀው ያው ዳጉሳ። ገበሬው ዳጉሳውን የት እንደሚዘራ የሚወስነው በሳሩ ነው፤ የትኛው ሣር በቅሏል፣ የትኛው ዛፍ ቆሟል፣ ተዳፋቱ የት ይጀምራል፣ አፈሩ የት ይከብዳል። ለለውዙ ሌላ ቦታ አለው፤ ለበቆሎው ከቤቱ ጓሮ፣ ለሰሊጡ ሌላ። ማሳዎቹ በትናንሽ ቁራሽ እዚህም እዚያም የተበተኑ፣ በአንዱ ውስጥ ሦስት አራት ዘር የተቀላቀለባቸው፣ ጥቂት ዓመት ታርሰው የሚተዉ ናቸው። ለእንግዳ ዓይን ዝርክርክ ይመስላል። ያምቢዮ ምርምር ጣቢያ ላይ ተመድቦ ይህን አስተራረስ ዓመታት ተቀምጦ ያጠናው ፒየር ዴ ሽሊፕ የሚባል የእርሻ ሊቅ ነው። ዝርክርኩ ሥርዓት እንደሆነ፣ ሥርዓቱም ከአፈሩ ጋር የተግባባ እንደሆነ በዝርዝር አሳየ። ቀጥተኛው መስመር አንዱን ቤተሰብ ጥሩ አፈር፣ ጎረቤቱን ድንጋይ ያደርሰዋል፤ ቤተሰቡም እንደ ልማዱ ተነስቶ የተሻለውን ፍለጋ መሄድ አይችልም። የዴ ሽሊፕ መጽሐፍ የታተመው በ1956 ነው። ሰፈራው ካለቀ ስድስት ዓመት አልፎታል።

የኢቫንስ ፕሪቻርድ መጽሐፍ ደግሞ ከዕቅዱ በፊት እዚያው ነበር። አዛንዴ ተራርቀው የሚኖሩት ያለ ምክንያት እንዳልሆነ የሚያስረዳው እሱ ነው። በእምነታቸው የጠንቋይ ክፋት ሩቅ አይሄድም፤ የሚጎዳው ቅርብ ያለን ሰው ነው። ስለዚህ አስተዋይ ሰው ቤቱን ከሰው ቤት አርቆ ይሠራል። ይህን የሚያምን ሕዝብ ጎን ለጎን በመስመር ማስፈር ማለት ሁሉንም ጠላቱ ከሚያየው ርቀት ላይ ማስቀመጥ ማለት ነው። ዕቅዱን ያወጡት ሰዎች ስለ ነፍሳትና ስለ ጥጥ ዘር ያሉትን መጻሕፍት በሙሉ አንብበዋል። ስለ ሰዎቹ የተጻፈውን አንድ መጽሐፍ ግን ከቁም ነገር የቆጠረው ያለ አይመስለኝም።

ጥጡ በመጀመሪያ ተዘራ። ንዛራ ላይ መዳመጫው፣ ፈትሉና ሽመናው ቆመ፤ ሳሙናም ተሠራ። ሰሜን ሱዳን ዳሙሪያ የሚሉት ሸካራ የጥጥ ጨርቅ ከአዛንዴ ምድር መውጣት ጀመረ። የአገሬው ሰው ግን ቦርዱ ጥጡን በስንት እንደሚገዛው፣ ጨርቁን በስንት እንደሚሸጠው አየ። አንትሮፖሎጂስቱ ኮንራድ ሬይኒንግ በ1950ዎቹ መጀመሪያ እዚያ ተቀምጦ እንደመዘገበው ጥጥ ለገበሬው የመንግሥት ሥራ እንጂ የራሱ አልሆነም። ገበሬው ሲያቅማማ አለቆቹ አስገዳጅ ሆኑ። ራሱን እንዲችል የታሰበው ሕዝብ ተገዶ ራሱን መቻል ነበረበት።

የዕቅዱ ባለቤቶች በዚህ መካከል ተለወጡ። በ1954 የእንግሊዝ ሹሞች ወንበር ለሱዳናውያን ሲታደል ከ800 ገደማ መደቦች የደቡብ ሰዎች የደረሳቸው በጣት የሚቆጠር ነበር። ንዛራ ላይም የሰሜን አስተዳዳሪዎች መጡ። በጁላይ 1955 ፋብሪካው አያዋጣም ተብሎ ወደ 300 የሚሆኑ የአካባቢው ሠራተኞች ተባረሩ። በዚያው ሰሞን የአዛንዴ የፓርላማ አባል የነበረ ሰው ያምቢዮ ላይ ተፈርዶበት ታሰረ። ጁላይ 26 ሠራተኞች ንዛራ ላይ ወጡ፤ ተኩስ ተከፈተ፤ ቢያንስ ስድስት ሰው ሞተ። ኦገስት 18 ቶሪት ላይ የሰፈረው የኢኳቶሪያ ጦር ወደ ሰሜን ሂድ ሲባል አመፀ፤ በደቡብ የነበሩ ብዙ የሰሜን ሰዎች፣ ሴትና ሕፃን ሳይቀር፣ ተገደሉ። ሱዳን ጃንዋሪ 1 ቀን 1956 ነጻ ስትወጣ ደቡቧ ቀድሞ ነድዷል። ነገሩን የመረመረው የዳኛ ኮትራን ኮሚሽን ከምክንያቶቹ መካከል የንዛራን ስንብት በግልጽ ቆጥሮታል። የርስ በርስ ጦርነቱን ያመጣው አንድ ፋብሪካ ነው ማለት ቧልት ይሆናል፤ የባርያ ንግድ ትዝታ፣ ደቡቡን ከሰሜኑ የለየው የተዘጋ ወረዳ ፖሊሲ፣ የካርቱም ትዕቢት፣ ሁሉም አለ። የመጀመሪያው ደም የፈሰሰው ግን ለሰላም ጊዜ በታቀደው ፋብሪካ ደጃፍ ነው።

ከዓለም ጦርነቱ ማግሥት ሌላም ትልቅ ወረቀት ነበር፤ ይህኛው እኛንም ይመለከታል። ግብፅ ውስጥ ለአሥርት ዓመታት ዓባይን ሲለካ የኖረው ፊዚሲስቱ ሃሮልድ ኸርስት በ1946 ከሁለት ባልደረቦቹ ጋር የክፍለ ዘመን ክምችት የሚባለውን ሐሳብ አሳተመ። ቪክቶሪያ፣ አልበርትና ጣና ሐይቆች ለግብፅ ደረቅ ዓመታት የውኃ ጎተራ እንዲሆኑ፣ በሱድ ረግረግ የሚባክነው ውኃም ጆንግሌይ ላይ በሚቆፈር ቦይ እንዲሻገር። የኸርስት ሒሳብ ዛሬም በዓለም የውኃ ሳይንስ ውስጥ በስሙ ይጠራል፤ በቁጥሩ ማንም አይቀልድም። የሱዳን መንግሥት በዚያው ዓመት የጆንግሌይ መርማሪ ቡድንን አቋቁሞ ቦዩ በዲንቃ፣ በኑዌርና በሽሉክ ከብትና ግጦሽ ላይ የሚያመጣውን እንዲያጠና አደረገ፤ ወፍራሙ ሪፖርት በ1954 ወጣ። ከቅኝ ግዛት ዘመን ጥናቶች ሰውን ከውኃው እኩል የቆጠረ እሱ ነው ብል ማጋነን አይሆንም። ማንበብ ለሚገባቸው ሰዎች ግን ረጅም ነበር።

የሱዳን የመጀመሪያው የርስ በርስ ጦርነት በፌብሩዋሪ 1972 አዲስ አበባ ላይ ተቋጨ። ፕሬዚዳንት ኒሜሪ ሱዳንን የዓረቡ ዓለም የዳቦ ቅርጫት ለማድረግ ቃል ገባ፤ ትራክተሩ በሀቢላ በዛ፤ ጆንግሌይም ከመደርደሪያ ወረደ። በ1978 በተሽከርካሪ መንኮራኩር የሚቆፍር ግዙፍ የፈረንሳዮች ማሽን ረግረጉ ዳር ተገጥሞ 360 ኪሎ ሜትር የታሰበውን ቦይ መቆፈር ጀመረ። ከቦር የተነሳ ጆን ጋራንግ የሚባል መኮንን በዚያን ጊዜ አሜሪካ፣ አዮዋ ውስጥ የእርሻ ኢኮኖሚክስ ዶክትሬቱን እየሠራ ነበር። በ1981 የጨረሰው ጥናቱ ስለዚሁ የጆንግሌይ አካባቢ የገጠር ልማት ነው። በሜይ 1983 ቦር ላይ አመፅ ሲነሳ ዶክተሩ ከአመፀኞቹ ጋር ወደ ጋምቤላ ድንበር ተሻገረ፤ የሱዳን ሕዝብ ነጻ አውጪ ጦር እዚያ ቆመ። በጥቂት ወራት ውስጥ የቦዩ ሠራተኞች ሰፈር ተጠቃ፤ ሁለት ሦስተኛው የተቆፈረው ቦይ ቆመ። ማሽኑ እዚያው ዝጎ ቀረ። ዕቅዱን በጥናት የሞገተው ሰው በጥይት ሲያቆመው ማየት በዚህ ታሪክ ውስጥ ብርቅ ነው።

ወደ ንዛራ አንድ ጊዜ እንመለስ፤ ፋብሪካው ከአሮጌ ማሽኖቹ ጋር በ1970ዎቹም ይሠራ ነበር። በጁን 1976 መጨረሻ የፋብሪካው የጨርቅ መጋዘን ሠራተኛ የነበረ ሰው ትኩሳት፣ የራስ ምታትና የደረት ሕመም ያዘው፤ ደም ፈሰሰውና በቀናት ውስጥ ሞተ። አጠገቡ ይሠሩ ከነበሩት ሌሎችም ታመሙ። በሥራ ክፍሉ ጣሪያ ሥር የሌሊት ወፎች ይኖሩ ነበር። በሽታው ማሪዲ ሆስፒታል ሲደርስ በሐኪሞቹና በአስታማሚዎቹ መሀል ተስፋፋ። 284 ሰው ታመመ፤ 151 ሞተ። በዚያው ዓመት ዛየር ውስጥ በተነሳው ወረርሽኝ ሰበብ ለበሽታው የአንድ ወንዝ ስም ተሰጠው፤ ኢቦላ። ቀድሞ የታየው ግን በቶትሂል ፋብሪካ ነው።

ሁለተኛው የርስ በርስ ጦርነት ሰዉን ወደ ሰሜን ገፋው። በ1984 የኮርዶፋንና የዳርፉር ድርቅ ተጨመረበት። በሚሊዮን የሚቆጠር ሰው በእግር፣ በጭነት መኪና፣ በዚያው የጥጡ መንገድ በጀልባ እስከ ኮስቲ፣ ከኮስቲ በባቡር ካርቱም ደረሰ። ብዙዎቹ ከከተማው ወደ ደቡብ፣ ወደ ማዮ ሄዱ። ዲንቃው፣ ዛንዴው፣ ከሀቢላ መሬቱን ያጣው ኑባ፣ ፉሩ፤ ኢትዮጵያውያንና ኤርትራውያን ስደተኞችም ጨምረው። በ1990ዎቹ መጀመሪያ መንግሥት ከመሀል ከተማ መንደሮችን በቡልዶዘር እያፈረሰ ሰዉን ወደ ዳር ሲያባርር ማዮ እርሻ ከአራቱ ይፋዊ የተፈናቃይ ካምፖች አንዱ ሆነ፤ ሌሎቹ ጀበል አውሊያ፣ ዑምዱርማን ሰላምና ወድ አልበሺር ናቸው። ከሻ የሚሉት የፖሊስ አፈሳ መታወቂያ የሌለውን ከመንገድ ያነሳ ነበር።

የማዮ ቤት የጭቃ ነው፤ ክረምት ሲዘንብ ግድግዳው ይሟሟል፤ በበጋው እንደገና ይለሰናል። ባሏ ጦርነት ላይ የቀረባት ሴት የምታውቀው ሥራ ማሽላ አብቅሎ መሪሳ መጥመቅ፣ ተምር ዘፍዝፎ አረጊ ማውጣት ነበር። በሸሪዓ ሕግ ወንጀል ነበር። ጋኑ ሲገኝ ይገለበጥ ነበር፤ እሷም ተገርፋ ወይም ዑምዱርማን የሴቶች እስር ቤት ከርማ ትወጣና ማሽላ ትገዛ ነበር። ገዳሪፍ የካርቱም የማሽላ ጎተራ ናት። በ1944 ለወታደር የተጀመረው እርሻ በመጨረሻ በእሷ ጋን ውስጥ ገብቷል ማለት ነው። ለማዮ ልጆች ሐኪም ያቆመላቸው የሱዳን የልማት ዕቅድ ሳይሆን ኢመርጀንሲ የተባለው የጣሊያን ድርጅት ነው፤ የሕፃናት ክሊኒኩ በ2005 ተከፈተ።

መንግሥት ግን ለሌላ ኢንዱስትሪ ገንዘብ አላጣም። በ1993 የወታደራዊ ኢንዱስትሪ ኮርፖሬሽን ተቋቋመ፤ መሐንዲሶቹንና ኬሚስቶቹን ሰበሰበ። ከማዮ ብዙ ሳይርቅ በደቡብ ካርቱም የያርሙክ የጥይትና የጦር መሣሪያ ፋብሪካ ቆመ። በኦክቶበር 2012 አንድ ሌሊት ያርሙክ ፈነዳ፤ ሱዳን እስራኤል ከአየር ደበደበችን አለች፤ እስራኤል አላመነችም፣ አልካደችም። ከዚያ በፊት በነበረው ዓመት ደቡብ ሱዳን ነጻ ወጥታ ብዙ የማዮ ሰዎች አልጋና ወንበራቸውን ኮስቲ ወደብ ላይ ደርድረው ጁባ የሚወስዳቸውን ጀልባ ለወራት ጠብቀዋል። ያልሄዱት ብዙ ናቸው። በ2013 ደቡብ ሱዳን ራሷ ስትነድ ደግሞ ተመልሰው የመጡ አሉ።

ኤፕሪል 15 ቀን 2023 በካርቱም በሠራዊቱና ፈጥኖ ደራሽ በሚባለው ኃይል መካከል ጦርነት ተነሳ። በጁን ያርሙክን ፈጥኖ ደራሽ ኃይሉ ያዘው። ሴፕቴምበር 10፣ እሁድ ጠዋት፣ ማዮ ያለው የጎሮ ገበያ ከአየር ተመታ፤ ከ40 በላይ ሰው ሞተ። ፈጥኖ ደራሹ ሠራዊቱን ከሰሰ፤ ሠራዊቱ ካደ። ቁስለኞቹ የተወሰዱት ድንበር የለሽ ሐኪሞች ይሠሩበት ወደነበረው በሻኢር ሆስፒታል ነው። የቀዶ ሕክምና ዕቃ ወደ ደቡብ ካርቱም እንዳይገባ ባለሥልጣናቱ ከልክለው ስለነበር በኦክቶበር ድርጅቱ እዚያ ቀዶ ሕክምና አቆመ።